ረዥም ትንፋሽ ለምን ያዞራል? በምንጣፍም በታክሲ ሰልፍም የሚሠራ የአተነፋፈስ መመሪያ

«እንዳልሽኝ በደንብ ተነፈስኩ፣ ግን ራሴን አዞረኝ፤ ምን ሆኜ ነው?»

ይህን ጥያቄ ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። በደረጃ ላይ እጠየቃለሁ፣ በስልክ እጠየቃለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ ከምንሠራው ዮጋ በኋላም እጠየቃለሁ። በቀደም ከላይኛው ፎቅ ያሉ እናት የውሃ ጀሪካናቸውን ደረጃው ላይ አሳርፈው «ልጄ፣ ይሄ የመተንፈስ ነገር ከደረጃው ባሰብኝ» አሉኝ። እስቲ ያሳዩኝ አልኳቸው። ትከሻቸውን ወደ ጆሯቸው ሰቀሉ፣ ደረታቸውን ነፉ፣ አየሩን እንደ ትልቅ ጉርሻ ዋጡት። ሦስት ጊዜ እንዲህ ካደረጉ በኋላ የደረጃውን ብረት ያዙ። ችግሩ ያው ነው፤ ሁሉም ሰው ጋ ያለው እሱ ነው። መልሱን አንዴ ጽፌ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ብልክ ይሻላል ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

«በደንብ ተንፍሱ» ማለት ብዙ አየር ሳቡ ማለት አይደለም። አረፍ ያለ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያስገባው አየር ግማሽ ሊትር ገደማ ነው፤ ለተቀመጠ ሰው ይበቃዋል። ከዚያ አልፈን በላይ በላዩ ስንስብ የምናተርፈው ኦክስጅን እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከደማችን ከሚገባው በላይ ይወጣል። እሱ ሲያንስ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ቧንቧዎች ይጠባሉ። ራስ የሚያዞረው፣ ጣትና ከንፈር የሚደነዝዘው ለዚህ ነው።

የሚያረጋጋው የሚወጣው ትንፋሽ ነው። አየር ስናስገባ ልባችን በጥቂቱ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል፤ ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርደው ቬገስ የሚባል ነርቭ ልጓሙን ጠበቅ የሚያደርገው ስናስወጣ ስለሆነ ነው። ማመን ካቃታችሁ በአውራ ጣታችሁ በኩል ያለውን የእጅ አንጓ በሌላኛው እጅ ሁለት ጣቶች ጫን አድርጉና የደም ስራችሁን ምት አዳምጡ። ቀስ ብላችሁ አስገቡ፣ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ብዙ ሰው ልዩነቱ በጣቱ ይሰማዋል፣ በተለይ ወጣቶች።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሰሌን ወይም የዮጋ ምንጣፍ። ወለሉ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ከሆነ ከሥሩ አንድ ብርድ ልብስ አጥፋችሁ አንጥፉ። ወገብ ከበረደው ጡንቻው ይኮማተራል፣ ሆድም አብሮ ይጠነክራል። ስፖንጅ ፍራሽ ግን አልመክርም፤ ወገብን ያሰምጣል።
- ጋቢ። ሰውነት ሲረጋ ይቀዘቅዛል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት በእኛ ሰፈር ብርድ ያለ ጋቢ መተኛት ለራስ ቅጣት ነው።
- በደንብ የታሰረ አንድ ኪሎ ሩዝ፣ ስኳር ወይም ሽሮ። ሆድ ላይ የሚቀመጥ ነው። በርበሬ አይሁን። ፌስታሉ የተፈታ ዕለት በዓይኔም በአፍንጫዬም ተምሬዋለሁ።
- ሶፍት፣ በርጩማ ወይም ወንበር፣ ሰዓት የሚቆጥር ስልክ። ስልኩን ጥሪ እንዳይገባበት አድርጉት።
- ልብሱ ወገብ ላይ የላላ ይሁን። መቀነት፣ ቀበቶ፣ ጠባብ ሱሪ ሆድን አስሮ ትንፋሽን ወደ ደረት ያባርራል።

ከመጀመራችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ከሰል በተያያዘበት ዝግ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አትለማመዱ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኝና ይገድላል። «ዛሬ ደግሞ እንዴት ደስ የሚል ድካም መጣብኝ» ብላችሁ እዚያው ልትቀሩ ትችላላችሁ። ምድጃው ወደ በረንዳ ይውጣ፣ መስኮት ይከፈት። ዕጣንም ቢሆን ጭሱ ጉሮሮ ይቧጥጣልና በልምምድ ሰዓት ባይጨስ ይመረጣል።

ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ ትንፋሽ ይዞ መቆየት አይፈቀድላችሁም። ካፓላባቲና ባስትሪካ የሚባሉትን ሆድን በኃይል እያንቀሳቀሱ በፍጥነት የሚተነፈሱ የዮጋ ልምምዶችም ተዉአቸው። እርግዝናችሁ ከገፋ በጀርባ በመተኛት ፋንታ በግራ ጎን ተኙ ወይም ተቀመጡ። አስም ያለበት ሰው የሚሳበውን መድኃኒት ከአጠገቡ አያርቅ፤ ይህ ልምምድ መድኃኒቱን አይተካም። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስ መሳት ካለ ደግሞ ጉዳዩ የሐኪም ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

ደረጃ በደረጃ

1. ሰዓት ምረጡ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ቤተሰቡ ሳይነሳ፣ ጥሩ ነው። ከምግብ በኋላ ከሆነ ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ የሞላ ሆድ ትንፋሽ ወደ ታች እንዲወርድ ቦታ አይሰጥም። በጾም ሰዓት ባዶ ሆድ መለማመድ ችግር የለውም። ሦስት ሲኒ ቡና በላዩ ላይ ጠጥቶ መተኛት ግን ልብን በአንድ እጅ እየገፉ በሌላው እንደ መጎተት ነው።

2. አፍንጫችሁን ተናፈጡ። ቀላል ትመስላለች፤ ግማሹ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሰናከለው። አፍንጫ አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራውን ያስቀራል። የእኛ መንገድ በበጋ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። አንዱ ቀዳዳ ብቻ ቢዘጋ አትጨነቁ፤ በጤነኛ ሰውም ቀዳዳዎቹ ተራ በተራ ጠበብ ይላሉ። ሁለቱም በጉንፋን ከተዘጉ በአፍ አስገቡ፣ ልምምዱን ግን አሳጥሩት።

3. በጀርባችሁ ተኝታችሁ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ የእግራችሁ መዳፍ መሬት ይርገጥ። እግር ተዘርግቶ ሲተኛ ወገብ ይነሳል፣ የሆድ ጡንቻም ይወጠራል፤ ሲታጠፍ ሁለቱም ይላላሉ። ከራሳችሁ ሥር ስስ ትራስ በቂ ነው።

4. ምንም ሳትለውጡ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ቁጠሩ። ማስገባትና ማስወጣት ተደምሮ አንድ ነው። ያረፈ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። የእናንተን ቁጥር ከነቀኑ ጻፉት። መነሻችሁን ካላወቃችሁ ለውጥ መኖሩን በስሜት ብቻ ነው የምትገምቱት፤ ስሜት ደግሞ እንደ ዕለቱ ነው።

5. ኪሎዋን እምብርታችሁ ላይ አስቀምጡ፣ አንድ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ። አሁን በአፍንጫ ስታስገቡ ኪሎዋ ትነሳ፣ ስታስወጡ ትውረድ፤ ደረት ላይ ያለው እጅ ብዙም አይንቀሳቀስ። አየር ሆድ ውስጥ እየገባ አይደለም። ከሳንባ ሥር እንደ ጉልላት የተዘረጋ ዲያፍራም የሚባል ጡንቻ አለ፤ ወደ ታች ሲወርድ ሳንባ ይሰፋል፣ ሆድ ዕቃችን ደግሞ ወደ ፊት ይገፋል። የምታዩት የሱን ሥራ ነው። ኪሎዋን በጡንቻ እየገፋችሁ አታንሷት፤ አየሩ ያንሳት። በጣም ስታነሷት ከጎን የሚያያችሁ ሰው የሆድ ስፖርት የምትሠሩ ይመስለዋል፣ ያኔ ስህተት ናችሁ።

እዚህ ደረጃ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ብትቆዩ አትከስሩም። እኔ ሳምንት ቆይቻለሁ።

6. ማስወጫውን አርዝሙ። በ3 ቁጥር አስገቡ፣ በ4 አስወጡ። ሲመቻችሁ 4 አስገብታችሁ 6 አስወጡ። ይህ በሰከንድ ከተቆጠረ አንድ ትንፋሽ 10 ሰከንድ፣ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ማለት ነው። ሰው ሲጨነቅ ቆጠራውን ስለሚያፈጥን «ስድስት» ያለው በሦስት ሰከንድ ያልቃል፤ የግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ የሚል ካለ እሱን ተከተሉ።

የሚወጣውን ለመለካት ከቃል ይልቅ ሲኒ ይሻላል። ትኩስ ቡና አፋችን ጋ ስናደርስ እፍ የምንላትን አስቡ፤ ከንፈር ጠበብ ብሎ፣ ቀጭን፣ ቡናው ሳይረጭ። ከሰል ለማያያዝ የሚባለው እፍ አይደለም፣ እሱ ነው ራስ የሚያዞረው። ጧፍ ካላችሁ ከፊታችሁ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ አቁሙና ተቀምጣችሁ ሞክሩት፤ ነበልባሉ ዘንበል ይበል እንጂ አይጥፋ። መጠኑን ሰውነታችሁ ሲያውቀው አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫ አስወጡት።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ስለዚህ ከድሬዳዋ የመጣ እንግዳ መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ «4 በ6 አልቻልኩም» ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ በ3 እና በ4 ይቆይ።

7. ሐሳባችሁን ትንፋሹ ላይ አሳርፉ። ከ1 እስከ 10 ትንፋሽ ቁጠሩና እንደገና ከ1 ጀምሩ። 4 ላይ ስትደርሱ የቤት ኪራዩ፣ 7 ላይ የጋዝ ሲሊንደሩ ይመጣል። የመጣውን አትጣሉት፤ «ሐሳብ መጣ» ብላችሁ ወደ 1 ተመለሱ። ልምምዱ ያለው በዚያ መመለስ ውስጥ ነው፤ ሐሳብ የጠፋለት ሰው ካለ አላገኘሁትም። ቁጥር ብቻ ነው የምንጠቀመው፤ ማንትራ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚባል ቃል፣ አያስፈልግም። ይህን የምጽፈው እሱም ሁልጊዜ ስለሚጠየቅ ነው።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጥ ባዳመጠ ቁጥር ጭንቀቱ ይብስበታል። እንዲህ ከሆናችሁ ዓይናችሁን ግለጡ፣ ቆጠራውን ተዉት፣ እግራችሁ ወለሉን ሲረግጥ ይሰማችሁ፣ ቤት ውስጥ ያሉ አምስት ዕቃዎችን በስማቸው ጥሩ። ያም ልምምድ ነው።

8. በ5 ደቂቃ አቁሙ። ትንፋሻችሁን ልቀቁት፣ እንደ ፈቀደው ይሁን። ኪሎዋን አንሱ፣ በቀኝ ጎናችሁ ዙሩ፣ ጥቂት ቆዩ፣ በእጃችሁ ተደግፋችሁ ተነሱ። ብድግ ብላችሁ ከቆማችሁ የደም ግፊት ለአፍታ ዝቅ ይልና ያንገዳግዳል፤ ያኔም ጥፋቱ በትንፋሹ ይሳበባል።

9. ከሳምንት በኋላ ያንኑ በርጩማ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ሥሩት። ጋቢውን አጥፋችሁ ከመቀመጫችሁ ሥር አድርጉት፤ ዳሌ ከጉልበት ከፍ ሲል ጀርባ ሳይታገል ይቃናል። የቀን ሕይወታችን በጀርባ ተኝቶ ስለማያልፍ ይህን ደረጃ አትዝለሉት።

ዮጋ ስትሠሩ

አንድ ሕግ ይበቃል። ሰውነት ሲከፈት አስገቡ፣ ሲታጠፍ ወይም ሲጠመዘዝ አስወጡ። ሲታጠፍ ሆድና የጎድን አጥንት ስለሚጨመቁ አየሩ ራሱ መውጣት ይፈልጋል፤ እኛ አብረነው እንሄዳለን።

ድመትና ላም በሚባለው የዮጋ እንቅስቃሴ ተለማመዱት። በእጅና በጉልበት ተንበርከኩ፤ እጅ ከትከሻ ሥር፣ ጉልበት ከዳሌ ሥር። ስታስገቡ ሆድ ወደ መሬት ይውረድ፣ ደረት ወደ ፊት ይከፈት። ስታስወጡ ጀርባ እንደተቆጣች ድመት ይጉበጥ፣ አገጭ ወደ ደረት ይግባ። ትንፋሹ ከእንቅስቃሴው ጥቂት ቀድሞ ይጀምር፣ ጥቂት ዘግይቶ ይለቅ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ሰውነቱ ይጨርስና ትንፋሹ ሊደርስበት ይሮጣል። ስምንት ጊዜ ይበቃል።

ከባድ አቀማመጥ ላይ ስትሆኑ ትንፋሻችሁ ከተቆራረጠ ወይም ከያዛችሁት አቀማመጡ ከአቅማችሁ በላይ ነው። ጉልበት አሳርፉ፣ ከፍታውን ቀንሱ። ቅዳሜ ጠዋት ከማንም ፊት በፊት የማየው የሰውን ጉሮሮ ነው፤ እዚያ ላይ የተወጠረ ጅማት ካለ ያ ሰው እየተነፈሰ አይደለም።

ለማሳረጊያ ሁለት ነገር ትችላላችሁ። አንደኛው አፍንጫን እያፈራረቁ መተንፈስ ነው። የቀኝ እጃችሁን ሌባ ጣትና መካከለኛ ጣት ወደ መዳፍ እጠፉ። በአውራ ጣት ቀኙን ቀዳዳ ዝጉና በግራው አስገቡ። ግራውን በቀለበት ጣት ዝጉ፣ አውራ ጣቱን ልቀቁ፣ በቀኝ አስወጡ። በዚያው በቀኝ አስገቡ፣ ዝጉት፣ በግራ አስወጡ። ይህ አንድ ዙር ነው፤ አምስት ዙር በቂ ነው። በመሃል ትንፋሽ መያዝ የለም። አፍንጫውን በቀስታ ንኩት፤ መጭመቅ ያደማል፣ በደረቅ ወራት በተለይ። ሁለተኛው የንብ ትንፋሽ ነው፤ ከንፈር ገጥሞ፣ ጥርስ ሳይነካካ፣ ስታስወጡ «እምምም» በሉ። ድምፁ ማስወጫውን ሳትቆጥሩ ያረዝመዋል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት መሆኑን ብቻ አትርሱ። የኔ ጎረቤት ፍሪጄ የተበላሸ መስሏቸው በር አንኳኩተዋል።

ከቤት ውጭ

ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ መገናኛ የአባዶ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ናችሁ እንበል። ሁለቱንም እግር እኩል ርገጡ፣ መንጋጋችሁን አላሉ፣ በ3 አስገብታችሁ በ5 አስወጡ፣ በአፍንጫ። ዓይን ክፍት ይሁን፣ ቦርሳ ከፊት። ዓይን ጨፍኖ መመሰጥ መገናኛ ላይ ስልክ ያስወስዳል። ጥቁር ጭስ የሚተፋ መኪና ከፊታችሁ ከቆመ ተዉት፣ እስኪያልፍ ጠብቁ፤ ጭሱን ቀስ ብሎ መሳብ ምንም አያተርፍም።

ታክሲው ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብባችሁ ከተቀመጣችሁ ሆድ የሚሰፋበት ቦታ የለም። ያኔ አየሩን ወደ ጎን አጥንታችሁና ወደ ጀርባችሁ ላኩት፤ ጀርባችሁ ወንበሩን ሲገፋ ይሰማችኋል። ካራ እስክትደርሱ አንድ አሥር ትንፋሽ በሉ።

መኪና የምትነዱ ከሆነ ቆማችሁ መብራት ስትጠብቁ ብቻ፣ ማስወጫውን ማርዘም ብቻ።

ድንገት ሲያናድዳችሁ፣ ለምሳሌ ስልክ ዘግታችሁ እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ፣ ቆጠራ አይመጣም። በአፍንጫ አስገቡ፣ በላዩ ላይ ሌላ ትንሽ ጨምሩ፣ ከዚያ በአፍ ረዥም «እፎይ» በሉ። ሁለተኛዋ ትንሽ ትንፋሽ በሳንባ ውስጥ የተጨማደዱ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶችን ትከፍታለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ። ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፣ ወደ ማዞሩ እንመለሳለን።

ጀሪካን ይዛችሁ ደረጃ ስትወጡ ግን ዝግተኛ ትንፋሽ አይሆንም። ጡንቻ አየር ይፈልጋል፤ ይውሰድ። ስታነሱ አስወጡ፣ ትንፋሽ ይዛችሁ አታንሱ፣ ሲደክማችሁ በየፎቁ አሳርፉ። ለእኚያ እናትም ያልኳቸው ይህንኑ ነው።

ማታ እንቅልፍ ሲጠፋ 4 በ6 ተኝታችሁ ሞክሩ። 20 ደቂቃ ካለፈ ተነሱና ደብዘዝ ባለ ብርሃን ሌላ ነገር ሥሩ። እንቅልፍን በትንፋሽ ማሳደድ ራሱ ያነቃል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

*አዞረኝ፣ ጣቴ ደነዘዘ።* አቁሙ፣ ተቀመጡ፣ አፋችሁን ዝጉ፣ ትንፋሹን ለራሱ ተዉት። በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። በሚቀጥለው ቀን ግማሽ ያህል አየር ብቻ ሳቡ። ፌስታል አፍ ላይ አድርጎ መተንፈስ ይመከራል ሲባል ትሰሙ ይሆናል፤ አታድርጉት፣ አደጋ አለው።

*ትከሻዬ ይነሳል።* መስታወት ፊት ተቀመጡ፤ ወይም ሁለት እጃችሁን ከመቀመጫችሁ ሥር አድርጋችሁ ተቀመጡበት፣ ትከሻ መውጫ ያጣል።

*ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስደኛል።* እንቅልፍ አንሷችኋል ማለት ነው። ተቀምጣችሁ ሥሩ፣ ማታም በጊዜ ተኙ።

*ስጨነቅ ብቻ አስታውሰዋለሁ።* በሰላም ጊዜ ያልለመደ ሰውነት በጭንቅ ሰዓት አይታዘዝም። በቀን 5 ደቂቃ ለሁለት ሳምንት ሥሩና የ4ኛ ደረጃውን ቆጠራ በዚያው ሰዓት ድገሙት። ከ18 ወደ 15 ቢወርድ ጥሩ ነው፤ ባይወርድም የምትፈልጉት ማዘዝ የምትችሉት ትንፋሽ ነውና አታቋርጡ።

*ልጄን እንዴት ላስተምረው?* ለልጅ ቆጠራ አትስጡት፣ ይወዳደርበታል። በጀርባው አስተኙት፣ ካልሲውን ጠቅልላችሁ ሆዱ ላይ አስቀምጡና «አስተኛት፣ እንዳትወድቅ» በሉት። የታችኛው ፎቅ ልጅ ካልሲዋን አስተኝቶ እሱም እዚያው ተኝቶ ቀርቷል።